ዘጠኝ ሰው በአራት ሰው ጀልባ፦ የሚቆጠሩና የማይቆጠሩ ስሞች በአራዳ እንግሊዝኛ

ነገሩ የሆነው ጣና ዳር ነው። ያኔ እንግዶችን ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በጀልባ እየወሰድኩ አስጎበኝ ነበር። አንዲት እንግዳ ማታ በዋትሳፕ «ኳይት ኤ ፊው ኦፍ አስ አር ካሚንግ» ብላ ጻፈችልኝ። ዓይኔ «ፊው» ላይ አረፈ። ፊው ማለት ጥቂት ነው፤ ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። ሦስት፣ ቢበዛ አራት ሰው ቢሆኑ ነው ብዬ ትንሿን ጀልባ ያዝኩ።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መጡ። ቆጠርኳቸው። ዘጠኝ ናቸው። ባለ ጀልባው እኔን ያያል፣ እኔ ሐይቁን አያለሁ። ሌላ ጀልባ ተፈልጎ፣ ዋጋ እንደ አዲስ ተነጋግረን፣ ስንነሳ ፀሐዩ ከሮ ነበር። ልጅቷ ግን ምንም አልዋሸችም። «ኳይት ኤ ፊው» ማለት ጥቂት ሳይሆን በርከት ያለ ማለት ነው። «ኳይት» የምትባለዋ ቃል ትርጉሙን ገልብጣዋለች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ደብተር ያዝኩ። ከእንግዶች አፍ የሰማሁትን እየጻፍኩ፣ ያልገባኝን እየጠየቅኩ ቆየሁ። ይህ መመሪያ የዚያ ደብተር ጭማቂ ነው። ለአስጎብኚ ይሆናል፣ ለካፌ አስተናጋጅ ይሆናል፣ አሜሪካ ካለች የአክስቱ ልጅ ጋር ቻት ለሚያደርግም ይሆናል።

የአራዳ ቋንቋ ሕግ የለውም የሚል ሰው ብዙ ነው። እኔ አይመስለኝም። የራሳችንን እንይ። «ጀለስ» እና «ጨላ» ሁለቱም የአራዳ ቃል ናቸው። «ሦስት ጀለሶቼ መጡ» ትላላችሁ። «ሦስት ጨላ አለኝ» የሚል ሰው ግን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አይባልም። ጨላ አይቆጠርም፤ የሚቆጠረው ብሩ ነው። ማንም ቁጭ ብሎ አላስተማራችሁም፣ ግን ታውቁታላችሁ። እንግሊዝኛውም እንዲሁ ነው። ቃሉ የቱንም ያህል አራዳ ቢሆን ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም የሚለው ጥያቄ አይቀርም።

1. መጀመሪያ አማርኛችሁን ጠርጥሩ

ስህተታችን የሚመነጨው ከስንፍና አይደለም። ከአማርኛ ነው። «ብዙ» የምንለው ቃል ሁሉን ይሸከማል፤ ብዙ ሰው፣ ብዙ ውሃ፣ ብዙ ብር፣ ብዙ ጣጣ። እንግሊዝኛ ይህን አንድ ቃል ለሁለት ይከፍለዋል። ለሚቆጠረው «ሜኒ»፣ ለማይቆጠረው «መች» ይላል። ስለዚህ «ቱ መች ፒፕል» አይባልም፤ «ቱ ሜኒ ፒፕል» ነው። «ስንት»ም እንደዚያው ነው። ስንት ሰው ለማለት «ሀው ሜኒ ፒፕል»፤ ዋጋው ስንት ነው ለማለት ደግሞ «ሀው መች»።

ሁለተኛው ምክንያት ቁጥር ነው። አማርኛ «አምስት ሰው መጣ» ሲል አይከፋውም። ቁጥሩ ብዛቱን ስለተናገረ ስሙ ነጠላ ሆኖ ይቀራል። እንግሊዝኛ ግን ቁጥር ቢኖርም ስሙ መጨረሻ ላይ «ስ» ካልሰማ አይረካም። «ፋይቭ ኪድ» ሳይሆን «ፋይቭ ኪድስ»፤ «ስሪ ባጃጅ» ሳይሆን «ስሪ ባጃጅስ»።

ሦስተኛው የባሰ ነው። አማርኛ «ኦች»ን በነፃ ያድላል። ምክሮች፣ መረጃዎች፣ ዜናዎች፣ ዕቃዎች፣ የቤት ሥራዎች እንላለን። ያንን ይዘን ወደ እንግሊዝኛ ስንሻገር «አድቫይስስ»፣ «ኢንፎርሜሽንስ»፣ «ላጌጅስ»፣ «ሆምወርክስ» ይወጣል። አራቱም ስህተት ናቸው። እነዚህ ቃላት በእንግሊዝኛ እንደ ውሃ ናቸው፤ «ስ» አይለጠፍባቸውም፣ «ሜኒ» አይቀድማቸውም። «ኒውስ» መጨረሻዋ ላይ «ስ» ስላለች ብዙ ትመስላለች። አይደለችም። «ዘ ኒውስ ኢዝ ጉድ» ነው የሚባለው።

እግረ መንገዴን ስለ «ፒፕል» አንድ ነገር ልበል። እሱ ራሱ ብዙ ቁጥር ስለሆነ በተራ ወሬ «ፒፕልስ» አይባልም። ሆኖም በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥታችን በእንግሊዝኛው ቅጂ «ፒፕልስ» ይላል፤ ያም ልክ ነው። እዚያ የተፈለገው ሰዎች ሳይሆን ሕዝቦች ነውና። ጀልባ ላይ ያሉት ዘጠኝ እንግዶች ግን «ፒፕል» ብቻ ናቸው።

2. ስሙን ፈልጋችሁ ፈትኑት

ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ያለውን ስም ለዩ። ከፊቱ «ስሪ» አስቀምጡበት። «ስሪ ቦትስ» ጥሩ ነው፤ ጀልባ ይቆጠራል። «ስሪ ዋተር» ያስቸግራል፤ ሦስት ምን? ጠርሙስ? ጣሳ? መለኪያ የሚጠይቃችሁ ከሆነ ስሙ የማይቆጠር ነው። ይህም በአማርኛ አለ። ጠላ በጣሳ፣ ጠጅ በብርሌ፣ ቆሎ በእፍኝ፣ ነጭ ሽንኩርት በራስ ነው የሚቆጠረው።

መኒ ላይ ሰው ይከራከራል። «ብር እየቆጠርኩ ነው የምኖረው፤ እንዴት አይቆጠርም ትለኛለህ?» አለኝ አንድ ባለ ሱቅ ጎረቤቴ። እውነቱን ነው። ግን የሚቆጥረው ብሩን እንጂ ገንዘብ የሚለውን ሐሳብ አይደለም። «ቴን መኒ» አይባልም፤ «ቴን ብር» ይባላል። ጨላውን አስታውሱ።

የተማሪዎች መዝገበ ቃላት ካላችሁ ከስሙ አጠገብ «ሲ» ወይም «ዩ» የሚለውን ፊደል እዩ። «ሲ» የሚቆጠር ነው፣ «ዩ» የማይቆጠር። ችግሩ አዳዲስ የአራዳ ቃላት ቶሎ መዝገበ ቃላት ውስጥ አይገቡም። ያኔ እኔ የምጠቀመው ዘዴ ቀላል ነው። ቃሉ የተካውን ተራ ቃል እፈልጋለሁ። «ባክስ» ዶላርን ተካ፤ ዶላር ይቆጠራል፣ እሱም ይቆጠራል። «ዶ» መኒን ተካ፤ መኒ አይቆጠርም፣ እሱም አይቆጠርም። አሥር ጊዜ ብትሞክሩት ስምንቱን ያህል ይሠራል።

ከማይሠራባቸው ዋናው «ስታፍ» ነው። መሥሪያ ቤት ውስጥ ሠራተኞች ከምንለው «ስታፍ» ጋር አታምታቱት፤ ያ ሌላ ነው። ይኼኛው ዕቃ፣ ኮተት፣ ነገር ማለት ነው። ትርጉሙ «ቲንግስ» ስለሆነ የሚቆጠር ይመስላል። አይቆጠርም። «ማይ ስታፍ ኢዝ ኢን ዘ ቦት» ይባላል። «ማይ ስታፍስ» አይባልም። ባሕር ዳር ላይ እኔ ራሴን ጨምሮ ከምንሳሳታቸው ሁሉ በብዛት የምሰማው ይህንን ነው።

3. የብዛት ቃሉን ምረጡ

ትልቁ ሥራ እዚህ ጋ ነው። ረጋ ብላችሁ አንብቡ።

ሁለቱንም የሚሸከሙ ቃላት አሉ። «ኤ ሎት ኦፍ»፣ «ሎትስ ኦፍ»፣ «ሎድስ ኦፍ»፣ «ቶንስ ኦፍ»፣ «ፕለንቲ ኦፍ»። የኛ «መዓት» ማለት ናቸው። መዓት ሰው፣ መዓት ውሃ እንደምንለው፣ «ሎድስ ኦፍ ፒፕል»፣ «ሎድስ ኦፍ ዋተር» ይባላል። «ሎድስ» ከእንግሊዞች አፍ አይጠፋም። «ሂፕስ ኦፍ» ሲል ከሰማችሁት ደግሞ እንግዳው ከአውስትራሊያ ወይም ከኒውዚላንድ የመጣ ሊሆን ይችላል። የሚቆጠር ይሁን የማይቆጠር ግራ ሲገባችሁ ወደነዚህ ሽሹ። አያሳፍሯችሁም።

ከዚህ ጋር አንድ የጆሮ ነገር አለ። በወዳጅ ወሬ ውስጥ «አይ ሃቭ መች መኒ» ስትሉ ሰዋስዉ ልክ ነው፤ ጆሮ ላይ ግን ደብዳቤ ይመስላል። ፈረንጆቹ አዎንታዊ ዓረፍተ ነገር ላይ «መች»ን ብቻውን እምብዛም አያወጡትም። «አይቭ ጋት ሎትስ ኦፍ መኒ» ይላሉ። «መች» የሚቀላቸው በጥያቄና በአሉታ ነው፤ ወይም «ሶ መች»፣ «ቱ መች» ሲሆን። «ቱ መች»ን ደግሞ ከቅጽል ጋር አታጋቡ። ስለ ጭስ ዓባይ ፏፏቴ «ኢት ኢዝ ቱ መች ቢዩቲፉል» የሚል አስጎብኚ ሞልቷል። «ሶ ቢዩቲፉል» በሉ፤ ይበቃል።

ለሚቆጠር ብቻ የሚሆኑት «ኤ ካፕል ኦፍ»፣ «ኤ ፊው» እና ያ ጀልባ ያስቀየረኝ «ኳይት ኤ ፊው» ናቸው። «ኤ ካፕል» በመሠረቱ ሁለት ነው፤ በወሬ ግን ሁለት ሦስት ለማለት ይውላል። «ኤ ካፕል ኦፍ ሚኒትስ» ሲሏችሁ ሰዓት አትያዙ። አሜሪካኖች «ኦፍ»ን ውጠው «ኤ ካፕል ባክስ» ይላሉ። «ኤ ካፕል ኦፍ መኒ» ግን የትም አይባልም።

ለማይቆጠር ብቻ የሚሆኑት «ኤ ቢት ኦፍ» እና «ኳይት ኤ ቢት ኦፍ» ናቸው። የመጀመሪያው ትንሽ፣ ሁለተኛው ብዙ ነው። አያችሁ? «ኳይት» እዚህም ገለበጠችው። «ኤ ቢት ኦፍ ካሽ» ጥቂት ገንዘብ፣ «ኳይት ኤ ቢት ኦፍ ካሽ» ጠቀም ያለ ገንዘብ።

«ኤ ባንች ኦፍ» አሜሪካዊ ነው። ከሚቆጠር ጋር ምቹ ነው፤ «ኤ ባንች ኦፍ ጋይስ»፣ «ኤ ባንች ኦፍ ፎቶስ»። «ኤ ባንች ኦፍ ስታፍ» ሲሉም ትሰማላችሁ። ጆሯችሁ እስኪለምድ ግን ከሚቆጠር ጋር ብቻ ብትጠቀሙበት ይሻላል።

ከነዚህ ሁሉ የሚለዩ ሦስት አመፀኛ ቃላት አሉ። «ሄላ» የሰሜን ካሊፎርኒያ ልጆች፣ «ማድ» የኒውዮርክ፣ «ቤር» የለንደን። ሦስቱም መዓት ማለት ናቸው፣ ከሁለቱም ዓይነት ስም ጋር ይሄዳሉ። ልዩነታቸው «ኦፍ» አይፈልጉም። «ሄላ ፒፕል»፣ «ማድ መኒ»፣ «ቤር ጆክስ»። «ሄላ ኦፍ ፒፕል» ካላችሁ ቃሉን ተውሳችሁ አራዳነቱን ትታችኋል። እኔ ሰምቼ እረዳቸዋለሁ እንጂ አልናገራቸውም። በባሕር ዳር አነጋገር «ቤር» ስል ቢራ ያዘዝኩ ይመስላል።

4. ያቺ ትንሿ «ኤ»

«ኤ ፊው» እና «ፊው» አንድ አይደሉም። «ኤ ሊትል» እና «ሊትል»ም እንዲሁ። «ኤ» ካለች ሰውየው ያለውን እያየ ነው፤ ትንሽ ቢሆንም አለ። «ኤ» ከሌለች የጎደለውን እያየ ነው፤ እምብዛም የለም።

ይህን የተማርኩት ከጉማሬ ነው። ዓባይ ከጣና ወደሚወጣበት በኩል እየሄድን እንግዶቹ ጉማሬ ይኖር እንደሆነ ጠየቁኝ። «ዜር አር ፊው ሂፖስ» አልኩ፤ ጥቂት አሉ ለማለት። ፊታቸው ወደቀ። አንደኛው ካሜራውን ወደ ቦርሳው መለሰ። ትንሽ ቆይቶ ሁለት ራስ ከውሃው ብቅ ሲል የካሜራውን ዚፕ የሚከፍትበት ጊዜ አልነበረውም። «ዜር አር ኤ ፊው ሂፖስ» ብል ኖሮ ካሜራው እጁ ላይ ይጠብቅ ነበር።

ሌላው የ«ኤ» ጣጣ «ኤ ሎትስ ኦፍ» ነው። የለም። ወይ «ኤ ሎት ኦፍ» ወይ «ሎትስ ኦፍ»፤ አንዱን ምረጡ። በላቲን ፊደል ስትጽፉም «ኤ» እና «ሎት» ተለያይተው ነው የሚጻፉት። ከማይቆጠር ስም ፊት ደግሞ «ኤ» አትቁም። «ኢት ዋዝ ኤ ፈን» አይባልም፤ «ኢት ዋዝ ፈን» ወይም «ሶ መች ፈን» ነው። «ሜኒ ፈን» የሚለውን በዓል በመጣ ቁጥር በስልኬ አነበዋለሁ።

5. ገንዘብ ላይ ተጠንቀቁ

ገንዘብ በአራዳ እንግሊዝኛ ስሙ ብዙ ነው። ካሽ፣ ዶ፣ ብሬድ የማይቆጠሩ ናቸው። «ብሬድ» ዳቦ ሆኖም አይቆጠርም፣ ገንዘብ ሆኖም አይቆጠርም። «ባክስ» ይቆጠራል፣ «ስ»ም ይወስዳል፤ «ቴን ባክስ»። የእንግሊዞቹ «ኩዊድ» ይቆጠራል፣ ግን «ስ» አይወስድም፤ «ቴን ኩዊድ» አሥር ፓውንድ ነው። ሺህ ማለት የሆነው «ግራንድ»ም «ፋይቭ ግራንድ» ነው የሚባለው፤ «ግራንድስ» አይደለም።

እነዚህ ሁለቱ ለእኛ ይቀሉናል። ብርም እንደዚያው ነውና። በእንግሊዝኛ «ፋይቭ ሃንድረድ ብር» እንላለን፤ «ብርስ» አይባልም። «ሃንድረድስ»ም አይባልም፤ ከፊቱ ቁጥር ካለ «ሃንድረድ» ነጠላ ሆኖ ይቆማል።

ለአራዳነት ብላችሁ ብርን «ባክስ» አትበሉ። ባክስ ሲባል እንግዳው የሚያስበው ዶላር ነው። የጀልባውን ዋጋ በባክስ ነግራችሁት ዓይኑ ቢፈጥ አትፍረዱበት።

«ቲፕ» ሌላ ወጥመድ ናት። ይቆጠራል፤ አንድ ቲፕ፣ ሁለት ቲፕስ። ሁለት ትርጉም አለው፦ ጉርሻ እና ምክር። «አድቫይስ» ስለማይቆጠር ሰዎች በወሬ ጊዜ ወደ «ቲፕ» ይዞራሉ፤ «ኤ ካፕል ኦፍ ቲፕስ» አጭርና ቀላል ነው። አንዱ እንግዳ ዘጌ ስንደርስ «ጋት ኤኒ ቲፕስ?» አለኝ። እኔ ጉርሻ ስንት እንደሚሰጥ የሚጠይቀኝ መስሎኝ አፍሬ «እንደ ፈቃድህ» አልኩት። ሰውየው የጠየቀው ወደ ገዳሙ ሲገባ ምን ማድረግ እንዳለበት ነበር። ጫማውን ሳያወልቅ ሊገባ ነበር እኮ!

6. ቡና፣ ዓሣ፣ ቢራ

የሚበላና የሚጠጣ ነገር ላይ ሕጉ ላላ ይላል። ቡና አይቆጠርም፤ ዘጌ ደን ውስጥ ስለሚበቅለው ቡና ስታወሩ «ሎትስ ኦፍ ኮፊ» ትላላችሁ። ካፌ ተቀምጣችሁ ስታዙ ግን «ቱ ኮፊስ፣ ፕሊዝ» ልክ ነው። ስኒው ተውጦ ነው። እኛስ «ሁለት ቡና» አይደል የምንለው? ቢራም እንዲሁ ነው፤ «ኤ ካፕል ኦፍ ቢርስ»። ቀዝቃዛ ቢራ በወሬ «ኤ ኮልድ ዋን» ይባላል፤ ሁለት ሲሆን «ቱ ኮልድ ዋንስ»። ጀበና ሲፈላ የአቦል፣ የቶናና የበረካውን ነገር ስታስረዱ ግን «ስሪ ኮፊስ» አትበሉ፤ ሦስት ስኒ ለየብቻ ያዘዛችሁ ይመስላል። «ስሪ ራውንድስ ኦፍ ኮፊ» በሉ።

ዓሣ የራሱ ጉዳይ አለው። ሳህን ላይ ያለው ጥብስ አይቆጠርም፤ «ሰም ፊሽ» ወይም «ኤ ቢት ኦፍ ፊሽ» ይባላል። ከሐይቁ የወጣው ይቆጠራል፣ ግን ሦስትም ቢሆን «ስሪ ፊሽ» ነው እንጂ «ስ» የለውም። «ፊሽስ» የሚባልበትም ጊዜ አለ። ጣና ውስጥ ብቻ የሚገኙ ከ10 በላይ የትላልቅ ባርበስ ዓይነቶች አሉ። ተመራማሪዎች ስለ ዓይነቶቹ ሲጽፉ «ዘ ፊሽስ ኦፍ ሌክ ታና» ቢሉ ልክ ናቸው። እናንተ አንድ ቆሮሶና አንድ አምባዛ ይዛችሁ ለደንበኛ ስታሳዩ ግን «ቱ ፊሽ» በቂ ነው።

7. የልጆቹ ቃላት

ይህን ክፍል የጻፍኩት የእህቴ ልጅ አጠገቤ ተቀምጣ ነው። ቲክቶክ የምታስተምራትን ያህል እኔ አላስተማርኳትም። «ጋሼ፣ ይኼ እኮ አሮጌ ነው» እያለች ግማሹን አሰረዘችኝ። የቀረው ይኸው።

«ሪዝ» ሰው የመማረክ ችሎታ ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. ኦክስፎርድ የዓመቱ ቃል ብሎ መርጦታል። አይቆጠርም። «ሂ ሃዝ ሶ መች ሪዝ» ወይም፣ ምንም የሌለው ከሆነ፣ «ዚሮ ሪዝ»። በ2024 እ.ኤ.አ. የተመረጠው «ብሬን ሮት»ም አይቆጠርም። የማይረባ ቪዲዮ ሲያዩ መዋልና የሚያስከትለው የአእምሮ ድንዛዜ ነው። የእህቴ ልጅ ይህን ስትሰማ ስልኳን ገለበጠች።

«ድሪፕ» አለባበስ ነው፤ አይቆጠርም። «ቲ» ሐሜት ሲሆን አይቆጠርም፣ ሻይ ሆኖ ሲታዘዝ ግን «ቱ ቲስ» ይባላል። ስለዚህ «ቴል ሚ ዘ ቲስ» ካላችሁ የሰማችሁትን ሐሜት በስኒ እያቀረባችሁ ነው። «ቢፍ» ጠብ ነው፤ «ዜይ ሃቭ ቢፍ» ተኳርፈዋል ማለት ነው። የበሬ ሥጋ አላቸው ብላችሁ ምሳ እንዳትጠብቁ።

«ቫይብ» ሁለት መልክ አለው። «ኢት ኢዝ ኤ ቫይብ» ነጠላ ነው፤ ጥሩ ስሜት ለማለት ግን «ጉድ ቫይብስ» ከነ«ስ»ዋ። ማታ ሐይቁ ዳር ፀሐይ ስትጠልቅ ፎቶ ለጥፋችሁ «ጉድ ቫይብ» ብቻ ብትጽፉ የሆነ ነገር እንደጎደለው ያስታውቃል።

አንዲት «ስ» ትርጉም የምትለውጥበትም አለ። «ሼድ» አይቆጠርም፤ «ትሮው ሼድ» ማለት መሸርደድ፣ ነገር መወርወር ነው። «ሼድስ» ደግሞ የፀሐይ መነጽር ነው፣ ሁልጊዜም በብዙ ቁጥር። «ሪሲትስ» በአራዳ ቋንቋ የክፍያ ደረሰኝ ሳይሆን ማስረጃ ነው፤ ያኔም ብዙ ቁጥር ነው። «ሾው ሚ ዘ ሪሲትስ» ሲልህ ስክሪንሾቱን አምጣ ማለቱ ነው።

ለምስጋና መልስ ደግሞ ይህን ያዙ። «ኖ ወሪስ» ከ«ስ» ጋር፤ ወሪ ይቆጠራልና። «ኖ ፕሮብለም» ያለ «ስ» የተለመደ ነው። «ኖ ስትረስ» አይቆጠርም። «ዚሮ» ከሚቆጠር ስም ጋር ሲሆን ስሙን ብዙ ቁጥር ያደርገዋል፤ «ዚሮ ፕሮብለምስ»። ምንም የሌለው ነገር ለምን ብዙ እንደሚሆን እኔን አትጠይቁኝ።

8. ሲሰሙ ማለፍ፣ ሲጽፉ መጠንቀቅ

ሰዋስው የምታውቁ ከሆነ እንግዶቹ ራሳቸው ሲሳሳቱ ትሰማላችሁ። «ሌስ» ለማይቆጠር፣ «ፊወር» ለሚቆጠር ነው ተብለን ተምረናል። እነሱ ግን «ሌስ ፒፕል» ሲሉ ይውላሉ። እንግሊዝ አገር የሱፐርማርኬት መክፈያ ላይ «10 አይተምስ ኦር ሌስ» የሚል ምልክት ለዓመታት ሰው ሲያከራክር ቆይቶ፣ ቴስኮ በ2008 እ.ኤ.አ. «አፕ ቱ 10 አይተምስ» ብሎ ከጭቅጭቁ ወጥቷል። በወሬ «ሌስ ፒፕል» ብትሉ የሚቆጣችሁ የለም። የሥራ ማመልከቻ ላይ ግን «ፊወር» ጻፉ።

«ዜርስ ሎድስ ኦፍ ፒፕል»ም እንደዚያው ነው። በአፍ ይባላል። ስትጽፉ «ዜር አር» በሉ፤ ግሱ የሚከተለው «ሎድስ»ን ሳይሆን ከኋላው ያለውን ስም ነው። «ሎድስ ኦፍ ፒፕል አር»፣ «ሎድስ ኦፍ ዋተር ኢዝ»።

9. ከመላካችሁ በፊት

ይህን መልእክት አንድ ወጣት አስጎብኚ ለእንግዶቹ ሊልክ ሲል አሳየኝ። «ሄይ ጋይስ! ቱሞሮ ዊል ቢ ሜኒ ፈን። ብሪንግ ኤ ካፕል ኦፍ ካሽ፣ ፊው ስናክ ኤንድ ሜኒ ዋተር። ዶንት ብሪንግ ቱ መች ላጌጅስ። አይ ሃቭ ሰም አድቫይስስ ፎር ዩ።»

ሐሳቡ ሸጋ ነው። ስሞቹን አንድ በአንድ አሰመርንባቸው። ፈን አይቆጠርም፣ ስለዚህ «ሎድስ ኦፍ ፈን»። ካሽ አይቆጠርም፣ «ኤ ቢት ኦፍ ካሽ»። ስናክ ይቆጠራል፤ «ኤ»ዋ ገባች፣ «ስ»ም ተጨመረች፣ «ኤ ፊው ስናክስ» ሆነ። ዋተር ወደ «ሎትስ ኦፍ» ሸሸ። ላጌጅን ጣልነውና «ዋን ባግ ኢች» አልን፤ ጀልባ ላይ ትንሽ ቦርሳ ነው የሚሻለው። አድቫይስስ «ኤ ፊው ቲፕስ» ሊሆን ነበር፤ የራሴን ታሪክ ነገርኩትና «ኤ ቢት ኦፍ አድቫይስ» ብሎ ተወው።

ከዚያ ጮክ ብሎ አነበበው፦ «ሄይ ጋይስ! ቱሞሮ ዊል ቢ ሎድስ ኦፍ ፈን። ብሪንግ ኤ ቢት ኦፍ ካሽ፣ ኤ ፊው ስናክስ ኤንድ ሎትስ ኦፍ ዋተር። ጀስት ዋን ባግ ኢች። አይቭ ጋት ኤ ቢት ኦፍ አድቫይስ ፎር ዩ።»

ሊልከው ሲል እጁን ያዝኩት። አንድ መስመር አስጨመርኩት፦ «ሀው ሜኒ ኦፍ ዩ፣ ኤግዛክትሊ? ኤ ነምበር፣ ፕሊዝ።»